የመጨረሻውን ሰው የሚጠብቁ መሪዎች፤ የብስክሌት ጉዞ በጎ ፈቃደኞችና የአሶሳ ዕድል

በአንድ ከተማ የሚኖሩ፣ በሙያ፣ በዕድሜና በጉልበት የማይመሳሰሉ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ተሰባስበው በብስክሌት የሚጓዙበት የማኅበረሰብ ክበብ፣ ለውድድር ከሚቋቋመው የስፖርት ክለብ በዓላማውም በአሠራሩም ይለያል። የውድድር ክለብ የሚመዘነው ቀድሞ በገባው ብስክሌተኛ ሲሆን፣ የማኅበረሰብ ክበብ የሚመዘነው ደግሞ በመጨረሻ በደረሰው ሰው ነው፤ ያ ሰው በሰላም ከደረሰና በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ከመጣ ክበቡ ሥራውን ሠርቷል፤ ደክሞት መንገድ ላይ ቀርቶ ማንም ሳያስታውሰው ከሄደ ግን የቀሩት ሁሉ ምንም ያህል ቢፈጥኑ ክበቡ ከስሟል ማለት ይቻላል። ይህን ሸክም የሚሸከሙት የጉዞ መሪዎች ናቸው። የጉዞ መሪ ማለት መንገዱን የሚመርጥ፣ ፍጥነቱን የሚወስን፣ ተጓዦቹን ከመነሻ እስከ መመለሻ የሚጠብቅና ለዚህ ሁሉ ክፍያ የማይጠይቅ በጎ ፈቃደኛ ነው። አገልግሎቱ ከየት እንደመጣ፣ ምን ዕውቀት እንደሚጠይቅና እንደ አሶሳ ባለች ከተማ ምን መልክ ሊይዝ እንደሚገባ ማወቅ፣ ከተሞቻችን ለብስክሌት መንገድ መክፈት በጀመሩበት በአሁኑ ወቅት ብዙ ይጠቅማል።

ከካፒቴንና ከጥሩምባ ነፊ የተጀመረ ልማድ

የብስክሌት ጉዞን በኃላፊነት የሚመራ ሰው መሰየም ብስክሌቱ ራሱ የዛሬ ቅርጹን ከመያዙ በፊት የነበረ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 በእንግሊዝ አገር በሃሮጌት ከተማ የብስክሌት ተጓዦች ማኅበር ሲቋቋም፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የአሜሪካ ብስክሌተኞች ሊግ በሮድ አይላንድ ግዛት በኒውፖርት ሲመሠረት፣ የዘመኑ ብስክሌት የፊት ጎማው እጅግ ግዙፍ፣ የኋላው ትንሽ የሆነ፣ ነጂው ከፍ ብሎ የሚቀመጥበትና ድንገት ሲቆም በግንባሩ የሚደፋበት መሣሪያ ነበር። ስለዚህ የየከተማው ክበብ ከአባላቱ መካከል ካፒቴንና ምክትሎች ይመርጥ ነበር፤ ካፒቴኑ መንገዱንና ፍጥነቱን ሲወስን ምክትሎቹ ሰልፉን በመጠበቅ ያግዙታል፣ ጥሩምባ ነፊውም ተጓዦቹ የሚነሡበትንና የሚወርዱበትን ምልክት ያሰማል። የእንግሊዙ ማኅበር ከዚህም አልፎ በየከተማው ቆንስል የሚል ማዕረግ የሰጣቸው፣ ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ተወካዮች ነበሩት፤ እነርሱም ለእንግዳው ተጓዥ የአካባቢያቸውን መንገድ ሁኔታ ይነግሩት ነበር።

ይኸው ታሪክ ማስጠንቀቂያም ይዟል። የአሜሪካው ሊግ እ.ኤ.አ. በ1894 ጥቁሮች አባል እንዳይሆኑ የሚከለክል ደንብ አወጣ፤ ክልከላው በይፋ የተሻረውም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። መንገድ እንዲሠራለት መንግሥትን አጥብቆ ይጠይቅ የነበረ ማኅበር፣ በዚያው መንገድ ላይ አብሮት የሚሄደውን ሰው መርጦ መግፋቱ፣ አብሮ መጓዝ በራሱ መቀራረብን እንደማያመጣና በሩን የሚከፍት ሰው እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁለት ተሞክሮዎች ይህን በር እንዴት መክፈት እንደሚቻል ያስተምራሉ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ እሑድና በበዓላት ቀን ዋና ዋና ጎዳናዎቿን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ትለቃለች፤ ዛሬ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት የሚለቀቀው መንገድ ከ120 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በየመገናኛው ቆመው ሕዝቡን የሚያስተናብሩ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሊታሰብ ባልቻለ ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው ብሪዝ የተሰኘ ፕሮግራም፣ ሴቶች ብቻ የሚሳተፉበትን ነፃ ጉዞ ሠልጥነው በፈቃዳቸው በሚያገለግሉ ሴቶች እንዲመራ አድርጓል። ፕሮግራሙ የተነሣው ብዙ ሴቶች ከብስክሌት የሚርቁት ብስክሌት አጥተው ሳይሆን አብሯቸው የሚወጣና የማያፍሩበት ሰው አጥተው ነው ከሚል ግንዛቤ ነው።

ውድድር የቀደመበት የኢትዮጵያ ብስክሌት

ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ በ1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክም አገሩን ወክሎ ተወዳድሯል። በ2008 ዓ.ም. የማይጨው ተወላጁ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኪጋሊ ተካሄደ። እነዚህ የሚያኮሩ ምዕራፎች ናቸው፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ብስክሌት ሲነሣ የሚወሳው በአብዛኛው ይኸው የውድድር ታሪክ ብቻ ስለሆነ፣ ብስክሌት መንዳት የጉልበተኛ ወጣቶች ሥራ ተደርጎ እንዲታይ ምክንያት ሆኗል።

የዕለት ተዕለቱ ብስክሌት ግን ከውድድሩ ጎን ለጎን የራሱን ኑሮ ሲኖር ቆይቷል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ሜዳማ በመሆናቸው ሠራተኛውና ተማሪው በብስክሌት ሲመላለስባቸው ኖሯል፤ በብዙ ከተሞችም ልጆች ብስክሌት በደቂቃ ሒሳብ ተከራይተው በየሰፈሩ ሜዳ ወድቀው ተነሥተው ለምደዋል። ኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው መንገድ ለሰው፣ ማለትም የተመረጡ ጎዳናዎችን ለተወሰኑ ሰዓታት ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ፣ ለስፖርትና ለብስክሌት የመልቀቅ ፕሮግራም፣ ይህን ልማድ ወደ አደባባይ አወጣው። በ2012 ዓ.ም. አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ ሆነ፤ ሞተር አልባ ትራንስፖርት የሚባለው በእግር፣ በብስክሌትና ሞተር በሌላቸው ሌሎች መንገዶች የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው። ቀጥሎም በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመሮችን ይዞ መጣ።

መስመር መሥራት የመንግሥት ድርሻ ነው፤ ሰውን በመስመሩ ላይ ማውጣት ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ልጅነቱን ካለፈ በኋላ ብስክሌት ነክቶ የማያውቅ የአርባ ዓመት መምህር፣ ወይም መንዳት የምትፈልግ ነገር ግን የሰው ዓይን የምትፈራ የጤና ባለሙያ፣ መንገዱ ስለተቀባ ብቻ ብስክሌት ይዘው አይወጡም። የሚወጡት በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ እንገናኝ፤ ብትዘገዩም እንጠብቃችኋለን የሚላቸው ሰው ሲኖር ነው።

መሪው ምን ይሠራል?

የመሪው ሥራ ከጉዞው ቀን ይቀድማል። በመጀመሪያ መንገዱን ራሱ ሄዶ ያያል፤ የአስፋልቱ ጠርዝ የት እንደተቆረሰ፣ ኮብልስቶኑ የት እንደሚያልቅ፣ ውሻ የሚበዛበት ሰፈር የትኛው እንደሆነ፣ የሚጠጣ ውኃና የቅርብ ጤና ጣቢያ የት እንደሚገኝ፣ የስልክ ኔትወርክም የት ላይ እንደሚቋረጥ ይመዘግባል። ከዚያም የጉዞውን ርዝመት፣ የዳገቱን መጠንና የሚሄዱበትን ፍጥነት በቁጥር አድርጎ ያስታውቃል፤ ምክንያቱም ቀላል ጉዞ የሚለው ቃል ለለመደ ሰው 50 ኪሎ ሜትር፣ ለጀማሪ ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ሊሆን ስለሚችል፣ በቃሉ ተማምኖ የመጣ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ይሸነፋል። ለጀማሪዎች በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድና ዕረፍትን ጨምሮ በሁለት ሰዓት ተኩል መመለስ በቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ስለሚመክር፣ እንዲህ ያለው አንድ ጉዞ የዕረፍቱ ጊዜ ቢቀነስ እንኳ የዚህን ዝቅተኛ መጠን አብዛኛውን ክፍል የሚሸፍን ይሆናል።

በመነሻው ቦታ መሪው የእያንዳንዱን ብስክሌት ፍሬን፣ ጎማና ካቴና ይፈትሻል። የፍሬኑ መያዣ ሲጨበጥ የብስክሌቱ መሪ ላይ የሚደርስ ከሆነ ሽቦው መጥበቅ አለበት፤ ጎማው በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚጎደጉድ ከሆነ ይነፋል፤ የጎማዎቹ ማሰሪያ ብሎኖችም መጥበቃቸው ይታያል። ከዚያ የተጓዦቹን ቁጥር፣ የአዲስ ሰዎችን ስምና አደጋ ቢደርስ የሚደወልለትን ቤተሰብ ስልክ ይይዛል፣ ሕመም ያለበት ሰው ካለ ለብቻው ጠርቶ ይጠይቃል፣ መንገዱንና የእጅ ምልክቶቹንም ለሁሉም ያስረዳል።

ጉዞው ሲጀመር አንድ መሪ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይሆናል። የፊተኛው ፍጥነቱን ይወስናል፤ የኋለኛው፣ የኋላ ጠባቂ የሚባለው፣ ከመጨረሻው ተጓዥ ኋላ እንጂ ፊት የማይሆን ሰው ነው። የቡድኑ ትልቅነትም ሒሳብ አለው። አንድ ብስክሌት ከፊቱ ካለው ጋር የሚተወው ክፍተት ሲጨመር 4 ሜትር ያህል መንገድ ይይዛል ቢባል፣ በአንድ መስመር የሚሄዱ 24 ሰዎች ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ ሰልፍ ይሠራሉ፤ ይህን ሰልፍ ለማለፍ የሚሞክር የጭነት መኪና ረጅም ጊዜ በተቃራኒው መስመር ላይ መቆየት ግድ ይሆንበታል፣ ከፊቱ ሌላ መኪና ቢመጣ የሚገባበት ያጣና ወደ ብስክሌተኞቹ ይታጠፋል። ሰዎቹ ስምንት ስምንት ሆነው በሦስት ቡድን ቢከፈሉና በመካከላቸው መኪና ሊገባበት የሚችል ክፍተት ቢተዉ ግን አሽከርካሪው ደረጃ በደረጃ ያልፋል። ስለዚህ ለስምንት ወይም ለአሥር ሰዎች ሁለት መሪ የሚለው ልክ ከመንገድ ላይ ስሌት የወጣ ነው፤ ክበቡ ሲያድግም የሚያስፈልጉት የመሪዎች ብዛት አብሮ ማደግ አለበት።

በመገናኛ መንገዶች ላይ ሰው እንዳይጠፋ የሚረዳ ቀላል ዘዴም አለ። ቡድኑ መታጠፊያ ሲደርስ ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው እዚያው ቆሞ አቅጣጫውን ያመለክታል፤ የኋላ ጠባቂው ሲደርስ ብቻ ቦታውን ለቅቆ አብሮ ይሄዳል፣ በሚቀጥለው መታጠፊያም ሌላ ሰው ተራውን ይይዛል። በዚህ አሠራር የመጨረሻው ሰው ከፊቱ ያሉትን ባያይም መንገዱን አይስትም፤ ተጓዦቹም ተራ በተራ የሌላውን ኃላፊነት ስለሚሸከሙ ነገ መሪ የሚሆኑትን ለመለየት ይረዳል።

በዕረፍት አሰጣጥ ላይ ብዙ ክበቦች ሳያውቁት የሚሳሳቱት ነገር አለ። ፈጣኖቹ ዳገቱ ላይ ቀድመው ወጥተው አሥር ደቂቃ ያርፋሉ፤ ዘገምተኛው ተንፈራግጦ ሲደርስ ሁሉም ተሟልተናል ብለው ይነሣሉ። በዚህ ምክንያት ዕረፍቱን ያገኘው የማያስፈልገው ሰው ሲሆን፣ ያስፈለገው ሰው ደግሞ ምንም ሳያርፍ ይቀጥላል፣ በሚቀጥለው ዳገትም ከበፊቱ ይበልጥ ወደኋላ ይቀራል። ጥሩ መሪ የዕረፍቱን ደቂቃ መቁጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ወርዶ ውኃ ከጠጣ በኋላ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ልማድ አንድ ክበብ ጀማሪዎችን ማቆየት መቻል አለመቻሉን ይወስናል።

ጎማ ሲተነፍስም የመሪው ትዕግሥት ይታያል። ካላማዳሪያው ከጎማው ወጥቶ በመጠኑ ይነፋና ቀዳዳው በድምፅ ወይም በውኃ ይፈለጋል፤ ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ማስቲሽ በስሱ ይቀባል፣ ማስቲሹ እርጥበቱን ትቶ ጣት ሲነካው ያዝ እስኪያደርግ ይጠበቃል፣ የጎማ ቁራጩም በላዩ ይለጠፋል። የቸኮለ ሰው ማስቲሹ ሳይደርቅ ይለጥፍና ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይቆማል። ከዚህም ይልቅ የሚዘነጋው፣ ቀዳዳውን ያመጣው እሾህ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ መቅረቱ ነው፤ ስለዚህ መሪው የጎማውን ውስጥ በጣቶቹ ቀስ እያለ ይዳስሳል፣ እሾሁን ሳያገኝም ካላማዳሪያውን አይመልስም። በዚህ መሐል ሌሎቹ ተጓዦች ከመንገዱ ወጥተው ጥላ እንዲይዙ ማድረግም የእርሱ ሥራ ነው።

ሰው ሲወድቅ የመጀመሪያው ተግባር ሌላ አደጋ እንዳይከተል መከላከል ነው፤ ሁለት ሰዎች ከፊትና ከኋላ ራቅ ብለው መኪና ያስቆማሉ፣ የወደቀው ሰው አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው ሳይንቀሳቀስ እርዳታ ይጠበቃል። ራሱን የተመታ ሰው ደህና ነኝ ቢልም ግራ ከተጋባ፣ ካቅለሸለሸው ወይም የሆነውን ካላስታወሰ በብስክሌት እንዲቀጥል አይፈቀድለትም። ጉዞው ሲያበቃ መሪው ሰዎቹን በስም ይቆጥራል፤ ሁሉም ገብተዋል የሚለውን ግምት አይቀበልም።

አሶሳ ለመሪው የምታቀርበው ፈተና

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከአዲስ አበባ ጋር ሲነጻጸር አየሩ ለሳንባ የቀለለ ነው፤ ሙቀቱ ግን የከበደ ነው፤ በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ትበረታለች። በመሆኑም ጉዞው በጠዋት መጠናቀቅ አለበት፤ ይሁን እንጂ ጠዋቱ ራሱ በአሶሳ ዘግይቶ ይነጋል። ከተማዋ ወደ ምዕራብ ዳር ስለምትገኝ ፀሐይ አሶሳ ላይ የምትወጣው አዲስ አበባ ላይ ከወጣች ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ነው፤ በጥር ወር እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ አትታይም። በሌላ ከተማ ልማድ የመነሻ ሰዓቱን 12 ሰዓት ያደረገ መሪ ሰዎቹን በጨለማ መንገድ ያስገባቸዋል። በዚህ ወር 12 ሰዓት ተኩል ተሰባስቦ ብስክሌት መፈተሽ፣ ፀሐይ ስትወጣ መነሣትና ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት መመለስ ለአሶሳ የሚስማማ መርሐ ግብር ነው።

የመንገዱ አቀማመጥም ልብ ሊባል ይገባል። ከከተማዋ ወደ ኩርሙክ አቅጣጫ የሚወስደው መንገድ ወደ ሱዳን ድንበር በተጠጋ ቁጥር በጠቅላላው ወደ ቆላ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጀማሪው በጠዋቱ ብርድ ያለ ድካም ይወርድና በመልሱ ሙቀቱና ዳገቱ አንድ ላይ ይገጥሙታል። ልምድ ያለው መሪ አስቸጋሪውን ክፍል በመጀመሪያ፣ ቀላሉን በመመለሻ ላይ እንዲውል አድርጎ መንገዱን ይመርጣል፤ ይህ የማይቻል ሲሆንም የሚመለስበትን ቦታ አስቀድሞ ይወስናል፣ ሰዎቹ ገና ጉልበት እያላቸውም ያዞራቸዋል። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያለችው ባምባሲ ከአሶሳ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ በአንድ ጠዋት ለጀማሪ የምትሆን አይደለችም፤ በዋናው መንገድም የጭነት መኪና ስላለ፣ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጥቶ በማንጎ ዛፎች ጥላ ሥር ባረፉት የገጠር መንደሮች በኩል የሚዞር አጭር መስመር ይመረጣል።

ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቀው ረጅም የዝናብ ወቅት የጥርጊያ መንገዱን ጭቃ ያደርገዋል፤ እርጥብ ፍሬን ለመያዝ ረዘም ያለ ርቀት ስለሚፈልግ በተጓዦች መካከል ያለው ክፍተት እጥፍ መሆን አለበት። አካባቢው ወባ ያለበት በመሆኑም ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ይዞት የመጣ ሰው በድካም እንዳያሳብብ መሪው ወደ ጤና ተቋም ይመራዋል። በሙቀት ወቅት ላብ የሚያወጣውን ጨው ለመተካት ባለሙያዎች የሚመክሩት ውህድ በማንኛውም ቤት ይዘጋጃል፤ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ በልኩ የተሞላ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል።

በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ በክልሉ ሕገ መንግሥት ነባር ብሔረሰቦች ተብለው የታወቁ ናቸው፤ አሶሳ ውስጥም ከእነርሱ ጋር ከሌሎች የኢትዮጵያ አካባቢዎች የመጡ በርካታ ሰዎች፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ አብረው ይኖራሉ። ይህ ልዩነት ለጉዞ መሪው ተግባራዊ ጉዳይ ነው። እሑድ ጠዋት የቅዳሴ ሰዓት ነው፤ ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሶላት ነው፤ በረመዳን የሚጾም ተጓዥ ቀን ላይ ውኃ ስለማይጠጣ በዚያ ወር ጉዞው ማጠርና ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት መጠጋት ይኖርበታል፤ በዓቢይ ጾም ሳይቀምስ የወጣ ሰውም ጉልበቱ ቶሎ ሊከዳው ይችላል። ማስጠንቀቂያዎች በእጅ ምልክት ቢሰጡ፣ ለምሳሌ ጉድጓድ ወደታች በማመልከት፣ መቆም እጅን ወደ ላይ በማንሣት፣ በቤታቸው የበርታ ቋንቋ የሚናገሩትም አማርኛ የሚናገሩትም እኩል ይረዱታል።

ክልሉ በተለይ በመተከልና በካማሺ ዞኖች ባለፉት ዓመታት በደረሱ ግጭቶች ብዙ ሕይወት ያጣ ክልል ነው። በመሆኑም መሪው ከከተማ ሲወጣ የሚሄድበትን መንገድና የሚመለስበትን ሰዓት ለቀበሌና ለፖሊስ ማሳወቁ የጥንቃቄ ግዴታው ነው። በዚያው ልክ፣ የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ ጎረቤታሞች በየሳምንቱ አንዱ የሌላውን ጎማ እየነፋ፣ አንዱ ሌላውን መታጠፊያ ላይ ቆሞ እየጠበቀ የሚያሳልፈው ጠዋት በስብሰባና በንግግር ብቻ የማይገኝ መተማመን ይፈጥራል። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ማዕዘናት የሚመጡ በመሆናቸው ከነዋሪው ጋር የሚተዋወቁበት አንዱ መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል።

መሪ የሚወጣው ከማን ነው?

ጥሩ መሪ ለመሆን ፈጣን መሆን አያስፈልግም፤ እንዲያውም በጣም ፈጣን የሆነ ሰው ዘገምተኛው የሚሰማውን ስለሚረሳ ልዩ ትምህርት ያስፈልገዋል። የሥልጠናው ደረጃዎች በብዙ አገር ተመሳሳይ ናቸው፤ ፈቃደኛው በመጀመሪያ እንደ ተራ ተጓዥ ይመለከታል፣ ቀጥሎ የኋላ ጠባቂ ሆኖ ያገለግላል፣ ከዚያ ልምድ ያለው ሰው እያየው ከፊት ይመራል፣ በመጨረሻም ኃላፊነቱን ይረከባል። የኋላ ጠባቂነቱ ከፊት መሪነቱ መቅደሙ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው፤ ከኋላ ሆኖ የደከመን ሰው ያበረታታ መሪ ከፊት ሲሆን በምን ፍጥነት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የሚሰጥ በመሆኑ ክበቦች መሪዎቻቸውን ወደዚያ ቢልኩ ይጠቀማሉ።

ሴቶች ክበቡን እንዲቀላቀሉ የሚፈልግ ከተማ ከመነሻው ሴት መሪዎችን ማሠልጠን አለበት፤ አንዲት ሴት በአደባባይ ብስክሌት ስትነዳ የሚደርስባትን ፉጨትና ትችት ብቻዋን ከመቋቋም ይልቅ ከሌሎች አምስት ሴቶች ጋር መቋቋም ይቀላታል። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚሳተፉት በወላጅ ስምምነት ሆኖ፣ ከእነርሱ ጋር ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች ሊኖሩ ይገባል። መሪውም ፍሬን የሌለውን ብስክሌት ወይም ሄልሜት ያላደረገውን ሰው አይሆንም የማለት ሥልጣን በክበቡ ደንብ ላይ በግልጽ ሊጻፍለት ይገባል፤ ሥልጣኑ ካልተጻፈ ይሉኝታ ያሸንፈዋል።

የብስክሌት እጥረት እንደ ምክንያት የሚቀርብ ቢሆንም መፍትሔ የማይገኝለት አይደለም። ጥቂት ብስክሌቶችን በጋራ ገዝቶ በተራ መጠቀም፣ ጎሚስታውንና ጠጋኙን የክበቡ አባል ማድረግ፣ የተሰበሩትን አሰባስቦ ከሁለት አንድ ማውጣት ይቻላል። ክልሉ በቆላ ቀርከሃ፣ በተለምዶ ሽመል በሚባለው ተክል፣ በአገሪቱ ከታወቁት አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በጋና እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ወጣቶች የቀርከሃ ብስክሌት እየሠሩ ለገበያ ማቅረባቸውም በአሶሳ ላሉ የእጅ ባለሙያዎች የሚታሰብበት ዕድል መኖሩን ያሳያል።

ከሁሉ የሚከብደው የመሪዎቹ ድካም ነው። በደቦ አጭዶና ወቅቶ ያደገ ሕዝብ ለሌላው መሥራትን ከማንም አይማርም፤ ነገር ግን ደቦ ተራ አለው፣ ዛሬ የሠራ ነገ ይሠራለታል። ብዙ ክበቦች የሚፈርሱት አንድ ትጉህ ሰው በየሳምንቱ ብቻውን ሲመራ ኖሮ አንድ ቀን ሲታመም ወይም ሲዛወር ተተኪ ስለማይገኝ ነው። ስለዚህ አንድ መሪ በወር ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመራ፣ በቀሩት ሳምንታት እንደ ማንኛውም ተጓዥ ያለ ሐሳብ እንዲነዳ፣ የስልክና የሥልጠና ወጪውም በክበቡ እንዲሸፈን ማድረግ ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለክበቡ ዕድሜም ዋስትና ነው።

በአሶሳም ሆነ በሌላ ከተማ የብስክሌት ክበብ ለማቋቋም የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ ሊቆጥር የሚገባው መሪዎቹን ነው። የመጀመሪያ እርዳታ የተማሩ፣ መንገዱን አስቀድመው ያዩ፣ በተራ የሚያገለግሉና ከመካከላቸው ሴቶች ያሉባቸው አራት መሪዎች ከተገኙ፣ በስምንት ተጓዦችና በተዋሰ ብስክሌት መጀመር ይቻላል፤ ቁጥሩ ሲጨምርም ከተጓዦቹ መካከል አዲስ መሪ ይሠለጥናል እንጂ ሰልፉ አይረዝምም። ከተሞቻችን ለብስክሌት የሚያወጡት ገንዘብ ፍሬ የሚሰጠው፣ ለአስፋልቱና ለቀለሙ ከሚመደበው በጀት ጥቂቱ እነዚህን በጎ ፈቃደኞች ለማሠልጠንና ለማቆየት ሲውል ነው፤ ይህን ማድረግ የከተማ አስተዳደሮች፣ የስፖርት ቢሮዎችና የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ኃላፊነት ነው።